አንገትና ሆድ ያለው ሸክላ

እንስራን ስናነሣ አንገቱን፣ ሆዱን፣ ጆሮውን እንላለን፤ ቋንቋችን ሸክላን አስቀድሞ እንደ ሰው ቈጥሮታል። ይህንኑ በእጃቸው የገለጡ አንዲት የኬንያ ተወላጅ አሉ። ወይዘሮ ማግዳሊን ኦዱንዶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1950 በናይሮቢ ተወልደው በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ፤ ጭቃን በእጅ የማቆምን ብልሃት ግን በ1974 ናይጄርያ ሄደው በአቡጃ ከሴቶች ሸክላ ሠሪዎች ተማሩ።

መንኰራኵር ሳይነኩ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ ያቆሙታል፤ እስኪያበራም ድረስ በድንጋይ ይወለውሉታል። ሲተኰስ ቀይ ይወጣል፤ ዳግመኛ በጭስ ታፍኖ የተተኰሰው ይጠቍራል። ውሃ አይቀዳበትም፣ ጠላም አይጠመቅበትም። አንገቱ ዘንበል፣ ሆዱ ሞላ ብሎ ሲታይ ግን፣ ያረገዘች ሴት ቆማ የምታስብ ይመስላል። ውሃ ካልያዘ ለምን ይረባል ያለ ሰው (እኛም ብለን ነበር) ጥቂት ቆሞ ይመልከተው።

የእንግሊዝ መንግሥት በ2020 «ዴም» የሚባለውን ማዕርግ ሰጣቸው። በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓመተ ምሕረት ዐዋጅ ነግረው ነበር። ሆኖም ሸክላ ሠሪቱን ቡዳ ብሎ የሰደበ ሰው ክስ በገዛ እጃችን ጽፈናል፤ ተከሳሹም ዘወትር ቡናውን የሚጠጣው በዚያችው ሴት ጀበና ነበር።