የጭላዳ ገበታ

ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ደጋና ውርጭ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር የማይገኝ፣ በአመጋገቡም ከዘመዶቹ ሁሉ የተለየ እንስሳ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥና የእንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ ዛሬ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ቴሮፒቴከስ የተባለው ወገን በጥንት ዘመን በአፍሪካ ምድር ሌሎች ዝርያዎችም እንደነበሩት በቁፋሮ የተገኙ ቅሪተ አካላት ቢመሰክሩም፣ ዛሬ በሕይወት ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ጦጣው፣ ጉሬዛውና ሌላው ዝንጀሮ ፍሬና የዛፍ ቅጠል ሲለቅሙ ጭላዳ ግን እንደ በግ መስክ ላይ ውሎ ሣር ይግጣል። ለተራራ አራዊት ሥነ ምኅዳር፣ ማለትም እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ለሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ፣ ይህ ጠባዩ እጅግ የሚስብ ነው፤ ስለ ምግቡ ዛሬ ከሚታወቀው ውስጥም ብዙው የተገኘው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አድካሚ የመስክ ሥራ ነው።

የጭላዳ እጅ ለዚህ ኑሮ የተሠራ ይመስላል። አውራ ጣቱ ከጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ጋር በሚገባ ስለሚገጥም ሣሩን ዘለላ በዘለላ እየነጨ በመዳፉ ያጠራቅማል፤ እፍኙ ሲሞላም ወደ አፉ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ተቀምጦ ሲሆን፣ ከፊቱ ያለውን ሲጨርስ ተነሥቶ ከመሄድ ይልቅ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ቀጣዩ ለምለም ይጠጋል። ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን ቀይ ምልክት ጭላዳ በደረቱ የተሸከመው ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጦ ስለሚውል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሆኖም የሣር ተመጋቢነቱ በሆዱ አሠራር አልተደገፈም፤ እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ስለሌለው አያመሰኳም፤ አንድ ጊዜ የዋጠውን መልሶ ማኘክ አይችልም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በመጀመሪያው ማኘክና በአንጀቱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ላይ ነው።

ጭላዳን ማጥናት የሚጀምረው እንስሳውን ከሰው ጋር በማላመድ ነው። መንጋው ሌሊቱን ከአውሬ ተጠልሎ በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ መስኩ ስለሚወጣ፣ ተማሪው ከገደሉ አፋፍ ቀድሞ ይደርስና እስኪመሽ አብሮት ይውላል፤ ይህን ለወራት ሲደጋግም እንስሳቱ ሰውየውን ከመስኩ እንደ አንዱ ነገር መቁጠር ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምዝገባ ጥብቅ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ በአብዛኛው የተመሠረተው አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው የምልከታ ዘዴዎች ጽሑፍ ላይ ነው። የቅኝት ናሙና በሚባለው ዘዴ ተማሪው በተወሰነ የደቂቃ ልዩነት መንጋውን ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ እያንዳንዱ እንስሳ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ፣ እየበላ ከሆነም ምን እንደሚበላ ይጽፋል። ዘዴው ያስፈለገው የሰው ዓይን ወደ ጠብና ወደ ጩኸት ስለሚሳብ ነው፤ ተመልካች እንደ ልቡ ቢጽፍ ደብተሩ በወንዶቹ ፍልሚያ ይሞላል፤ የቀኑን ትልቁን ክፍል የሚወስደው ጸጥ ያለ ግጦሽ ግን ይቀራል።

የተበላው ነገር ከሩቅ የሚለየው በአብዛኛው በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይ የሚነጭ እጅ ቅጠል እየለቀመ ነው፤ አገዳውን ይዞ የሚሸልት እጅ ዘር እየሰበሰበ ነው፤ በሁለት እጁ አፈሩን የሚምስ ደግሞ ሥር ፍለጋ ላይ ነው። መንጋው አልፎ ሲሄድ ተማሪው እንስሳቱ በተቀመጡበት ቦታ ጎንበስ ብሎ የተነጨውን ተክል ያገኛል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ መሬት ላይ አጋድሞም በውስጡ የትኛው ተክል ምን ያህል እንደሆነ ይለካል። ናሙናው የጠዋት ጤዛ ክብደቱን እንዳያዛባው ደርቆ ይመዘናል፤ ከዚያም ተፈጭቶ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። በዚያም በናሙናው ውስጥ ያለው የናይትሮጅን መጠን ተለክቶ በ6.25 ይባዛል፤ ፕሮቲን በአማካይ ከመቶ 16 ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ ስሌት በተክሉ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ግምት ይሰጣል። በአንጀት በቀላሉ የማይፈጨው ቃጫም ለብቻው ይለካል። የሰውን የምግብ ይዘት የሚመረምር የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚሠራውም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ውጤቶች ውስጥ ከሁሉ የላቀ ትኩረት የሚገባው ከመንዝ ጓሳ የተገኘው ነው። ቀደም ያሉት ጥናቶች፣ ለምሳሌ ሮቢን ደንባር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮች ያካሄደው፣ ጭላዳ ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ እንደሚበላ ያሳዩ ስለነበር፣ እንስሳው ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት የተገለጸው በዚሁ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ጥናቶች አጭር ጊዜ የወሰዱና ከብት አጥብቆ በጋጠው፣ ማረሻም በደረሰበት መሬት ላይ የተደረጉ ነበሩ። በጓሳ ለ7 ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ሌላ ገበታ ታየ፤ ሣርና ሣር መሰል ተክሎች የአመጋገቡ 56.8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 37.8 በመቶው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የሜዳ ዕፀዋት ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ከባቄላ ወገን የሆኑት ባለ ሦስት ቅጠል ተክሎች ይገኙበታል። ቀሪው ነፍሳትና ሌሎች ጥቂት ነገሮች ናቸው። በአጠቃላይ ከ56 ያላነሱ የዕፀዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሣር ብቻ የሚበላ የተባለው እንስሳ፣ ምርጫ ሲያገኝ የሚመርጥ ሆኖ ተገኘ፤ የቀድሞው ሥዕል የእንስሳውን ጠባይ ያህል የተጎዳውን መሬት ድህነት ጭምር ያሳይ ነበር ማለት ይቻላል።

ጓሳ ይህን ምርጫ ያቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት በነዋሪዎቹ ሲጠበቅ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት መስኩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር በሚገባ ሲያድግ፣ ወይም ድርቅ ከብቱን ሲያስጨንቅ፣ በመሪዎቹ ውሳኔ ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የታወጀው የመሬት ይዞታ ለውጥ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪዎቹ በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን ቀጥለዋል። ስለ ጭላዳ ምግብ ለዓለም የደረሰው ዕውቀት የመንዝ ገበሬዎች ውለታ አለበት።

የወቅት ለውጥ ሌላው ሰፊ የጥናት መስክ ነው። በሰሜን ተራሮች የጭላዳን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ ያለውን የባክቴሪያ ዘረመል የመረመሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በክረምት ለምለሙ ሣር ሲበዛ የሣርን ቃጫ የሚፈጩ ባክቴሪያዎች እንደሚያይሉ፣ በበጋ ደግሞ እንስሳው ከመሬት ውስጥ ሥርና ኮረት ቆፍሮ ስለሚበላ ስታርች የሚያፈርሱት እንደሚበረክቱ አሳይተዋል። በጓሳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ማኘክን ለካ። ዓይነ ምድሩ በወንፊት ሲጣራ የሣሩ ብጥስጣሽ ትልቅነት እንስሳው ምን ያህል አልሞ እንዳኘከ ይናገራል፤ በበጋ ሣሩ ስለሚጠነክር ብጥስጣሹ ይጎላል፤ ልዩነቱም ከሁሉ የበለጠ የታየው ጥርሳቸው ባለቀባቸው አዛውንቶች ላይ ነው።

ጭላዳ በሚግጥበት መስክ ሌላ እንስሳም ምግቡን ያገኛል፤ በዚያው በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ምዝገባ እንደሚያሳየው ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ሳለ ከ3 ሙከራዎቹ 2 ያህሉ ሲሳኩለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን ከ4 ሙከራ የሚሳካለት 1 ብቻ ነው። ቀበሮው ግልገሎቹን አይነካም፤ በመካከላቸውም በዝግታ ነው የሚራመደው፤ ጭላዳዎቹም ሳይሸሹ ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ካቋቋመ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብዙም ወዳልታወቁ መንጋዎች ዞረዋል፤ በሰሜን ሸዋ በወንጪት ሸለቆም ሆነ በአርሲ በኩል በዋቤ ሸበሌ ገደሎች የሚኖሩት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እነዚህ ስፍራዎች እንደ ጓሳ የተከለሉ አይደሉም። መስኩን ከብት ጨርሶ ሲግጠው ጭላዳው ወደ ገብስ ማሳ ይገባል፤ ገበሬውም ከነቤተሰቡ ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ይጠብቃል። የተማሪው ሥራ በዚህ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ መስኩ ላይ የጭላዳውን ምግብ የለካበትን ያንኑ የአንድ ሜትር ክፈፍ ይዞ ማሳው ውስጥ ይገባና የተነካውን ገብስ ካልተነካው ለይቶ ያጭዳል፤ ሁለቱንም ያደርቃል፤ ይመዝናል፤ ልዩነቱንም የማሳው ባለቤት አጠገቡ ቆሞ እያየ በኪሎ ይጽፈዋል።