የጄሊፊሽ መንጋ ከባሕር ወለል ይጀምራል

በሰኔና በሐምሌ የጄሊፊሽ (በዕብራይስጥ መዱዛ) መንጋ የአሽኬሎንን ዳርቻ ሲያጥለቀልቅ፣ ከቂርያት ጋት ለመዋኘት የሚወርዱ ቤተሰቦች ጆሮ የሚደርሰው ወሬ ባሕሩ በቆሻሻ ስለተበከለ ፍጥረቱ ሰውን ሊያጠቃ መጣ የሚል ነው። ይህ ወሬ በየዓመቱ መደገሙ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጄሊፊሽ አንጎል የሌለው፣ ሰውንም ለአደን የማይፈልግ እንስሳ ከመሆኑም በላይ፣ መንጋው የሚዘጋጀው ዳርቻው ላይ ከመታየቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት፣ ዋናተኛ በማያየው ስፍራ ነው።

በእስራኤል ዳርቻ በብዛት የሚታየው ሮፒሌማ ኖማዲካ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን እንደገባ ይታመናል፤ በዚያ ዳርቻ መጀመሪያ የታየው በ1970ዎቹ ሲሆን በትልልቅ መንጋ መምጣት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በእንስሳው የሕይወት ዑደት ነው። ተንሳፋፊው ጄሊፊሽ ወንድና ሴት ሆኖ በዘርና በእንቁላል ይራባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ግን ወዲያው ጄሊፊሽ አይሆንም፤ በጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቆ ፖሊፕ ወደሚባል፣ ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደሆነ ፍጥረት ይለወጣል። ፖሊፑ ያለ ጾታ ይባዛል፤ ክፉ ጊዜ ሲመጣም በጠንካራ ሽፋን የታሸገ ቋት ትቶ ያልፋል። ሁኔታው ሲመቻች ስትሮቢሌሽን የሚባለው ሂደት ይጀመራል፤ የፖሊፑ አካል በአግድም እየተከፋፈለ፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ሆኖ፣ ከላይኛው ጀምሮ አንድ በአንድ እየተላቀቀ ኤፊራ የተባለ ጨቅላ ጄሊፊሽ ሆኖ ይዋኛል።

ይህን ሽግግር በዋናነት የሚመራው የውኃው ሙቀት ነው። ኦሬሊያ በተባለው ዝርያ ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ቅዝቃዜው በቆየ መጠን በፖሊፑ ውስጥ የአንድ ዘረ መል እንቅስቃሴ እየጨመረ ሄዶ ሽግግሩን እንደሚያስጀምር አሳይቷል፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ብርድ አይበቃም፣ ፖሊፑ የወቅቱን ርዝመት ይለካል ማለት ነው። በሮፒሌማ ላይ በ1990ዎቹ በእስራኤል የተደረጉ ምርመራዎችም የሕይወት ዑደቱ በሙቀት እንደሚቀናጅ አረጋግጠዋል። መንጋ የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሰማቸው እጅግ ብዙ ፖሊፖች በአንድ ሰሞን ልጆቻቸውን ይለቃሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የውኃው እንቅስቃሴ ነው። በእስራኤል ዳርቻ በአብዛኛው ወደ ሰሜን የሚጓዘው የባሕር ሞገደ-ፍሰት መንጋውን ያጓጉዛል፤ ነፋስና ማዕበልም ወደ ዳርቻ ይገፉታል። እንስሳው ግን በማዕበሉ አንጻር ወደ ጥልቁ ለመዋኘት እንደሚሞክር ስለታየ፣ አሸዋ ላይ የሚገኘው አጥቂ ሳይሆን ተሸናፊ ነው። በ2011 በሐዴራ የኃይል ማመንጫ የማቀዝቀዣ ውኃ ማጣሪያዎችን የደፈነው መንጋም በዚሁ መንገድ ተስቦ የገባ ነው።

ብክለት ፈጽሞ ሚና የለውም ማለት አይደለም፤ የአልሚ ንጥረ ነገር መብዛትና ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገር በሌሎች ባሕሮች ጄሊፊሽን እንደሚጠቅሙ የሚያመለክቱ ማስረጃዎች አሉ። ሆኖም ምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ከዓለም ባሕሮች በአልሚ ንጥረ ነገር እጅግ ደኃ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ፣ መንጋውን በቆሻሻ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። መንጋዎች በዓለም ዙሪያ እየጨመሩ ነው ወይ የሚለውም ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ በ2013 የወጣ ትንተና ብዛታቸው በ20 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳይቶ፣ ለአጭር ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ መደምደምን አስጠንቅቋል።

ስለዚህ ለአንባቢ በመንጋው ወቅት የሚያስፈልገው ፍርሃት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ከሮፒሌማ ጋር የተነካካ ሰው ቆዳውን ሳያሽ በባሕር ውኃ ማጠብ ይገባዋል፤ ቆዳው ላይ የቀሩትን ያልተተኮሱ መርዛማ ሕዋሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ የቧንቧ ውኃም ሆነ ኮምጣጤ መጠቀም አይገባም። መንጋውን አስቀድሞ ለመተንበይ የሚሻም በሐምሌ ዳርቻውን ከመቃኘት ይልቅ በቀዝቃዛው ወራትና በጸደይ የውኃውን ሙቀትና የፖሊፖቹን መኖሪያ ቢመረምር ይበጀዋል።