ከባሕር የወጣች መርከብ ለምን መዝገቧን አላቆመችም?

እስቲ ከማድ ቤት እንጀምር። ክረምት ላይ ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ ጨው ጠዋት ሲያዩት ረጥቦና ተጣብቆ ይገኛል። ውኃ የጨመረበት ሰው የለም፤ እርጥበቱን ከአየር የሳበው ጨው ራሱ ነው። ይህችን ነገር ያዟት፤ አንዲት ትልቅ የብረት መርከብ ልታጠፋ የነበረችው እሷው ናት።

መርከቧ ኤስኤስ ግሬት ብሪቴን ትባላለች። ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል የተባለው መሐንዲስ ነድፏት እ.ኤ.አ. በ1843 እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ተሠራች። ርዝመቷ 98 ሜትር ገደማ ነው። አካሏ ብረት ሆኖ፣ በድንጋይ ከሰል በሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ፕሮፔለር እያሽከረከረች በ1845 አትላንቲክን ስታቋርጥ በዓይነቷ የመጀመሪያዋ ነበረች። በኋላ አዲስ ኑሮ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ አመላለሰች። በ1880ዎቹ ሞተሯ ወጥቶ ባለ ሸራ የጭነት መርከብ ሆነች። በ1886 ማዕበል ከጎዳት ወዲህ ደግሞ በፎክላንድ ደሴቶች ተንሳፋፊ መጋዘን ሆና አገለገለች፤ በ1937 እዚያው ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ ተጣለች።

በ1970 ግን አስታዋሽ አገኘች። ጎኗ ላይ የነበረው ትልቅ ስንጥቅ በፍራሽ ተወትፎ፣ በትልቅ ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ተጭና ወደ ብሪስቶል ተጎተተች። የተሠራችበት ደረቅ ገንዳ ውስጥም ገባች።

ታዲያ ተረፈች ማለት ነው? አይደለም። በ1998 የተደረገ ምርመራ ዝገቱ እንዳልቆመና በዚሁ ከቀጠለ መርከቧ 25 ዓመት ያህል ብቻ እንደሚቀራት አመለከተ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ከባሕር ጨው የሚመጣው ክሎራይድ ደግሞ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ዝገቱ ውስጥ ሰርጎ ከብረቱ ጋር ሌሎች ውህዶችን ፈጥሯል። የምግብ ጨው የሚረጥበው የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ነው። የብረት ክሎራይድ ግን ለእኛ ደረቅ ከሚመስለን አየር እንኳ ውኃ ይስባል። ስለዚህ መርከቧ ከባሕር ብትወጣም ባሕሩ ከእሷ አልወጣም።

ቀለም መቀባት አይበቃም ወይ? አይበቃም፤ ጨው ያለው ከቀለሙ ሥር ነው። እንደ ሚስማር ያሉ ትናንሽ የብረት ቅርሶች ጨዉ እንዲወጣላቸው ለወራት በፈሳሽ ይዘፈዘፋሉ፤ 98 ሜትር መርከብ ግን እንዴት ተደርጎ ይዘፈዘፋል? የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ብረት መተካትም ይቻላል፤ ያኔ ግን የሚተርፈው ቅጂዋ እንጂ እሷ አይደለችም።

የቀረው መንገድ አየሩን ማድረቅ ነው። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎራይድ ያለበትን ብረት በተለያየ የእርጥበት መጠን ፈትነው፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ዝገቱ እጅግ እንደሚዘገይ አዩ። አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውኃ ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚነግረን ቁጥር ነው።

በዚህ መሠረት በ2005 ገንዳው በመርከቧ ዙሪያ፣ ድሮ ባሕሩ ይደርስበት በነበረው ከፍታ ላይ በመስታወት ተከደነ። ከመስታወቱ በላይ ስስ ውኃ ስላለ መርከቧ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። ከሥር ግን ማሽኖች አየሩን እንደ በረሃ ያደርቁታል። ጎብኚዎች ወርደው ያን የተበላ ብረት በቅርብ ያዩታል።

ልብ በሉ፤ ጨዉ አሁንም እዚያው ነው። ማሽኖቹ ለረጅም ጊዜ ቢቆሙ እርጥበቱ ይመለሳል፣ ዝገቱም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ከባሕር የወጣ ብረት ለማቆየት የሚያስብ ሰው “ምን ቀለም ልቀባው?” ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ውስጡ ስንት ጨው አለ? የመብራቱን ሒሳብስ ከዓመት እስከ ዓመት ማን ይከፍላል?