ባድ ካምፓኒ

ባድ ካምፓኒ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመሠረተ የሮክ ባንድ ነው። ከመሥራቾቹ ድምጻዊው ፖል ሮጀርስና ከበሮ መቺው ሳይመን ከርክ ከ«ፍሪ»፣ ጊታር ተጫዋቹ ሚክ ራልፍስ ከ«ሞት ዘ ሁፕል»፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቦዝ በረል ደግሞ ከ«ኪንግ ክሪምሰን» የመጡ ነበሩ። እንዲህ በሌሎች ባንዶች ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች የሚመሠርቱት ቡድን «ሱፐርግሩፕ» ይባላል። በ1974 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኗል።

የድምጻዊ ለውጥ

ባንዱ በ1982 ከተበተነ በኋላ ራልፍስና ከርክ በዚያው ስም ተመልሰው በ1986 «ፌም ኤንድ ፎርቹን» የተባለውን አልበም አወጡ። በሮጀርስ ቦታ የዘፈነው ብራያን ሃው ነበር። የሮጀርስ አዘፋፈን ከብሉዝ የተቀዳ ሲሆን የሃው ድምፅ ቀጠንና ከፍ ያለ ነው፤ ኪቦርድም በዘፈኖቹ ጎልቶ ይሰማ ጀመር። አልበሙ ብዙ ባይሸጥም በ1990 የወጣው «ሆሊ ዋተር» በአሜሪካ የ1 ሚሊዮን ቅጂ መለኪያ የሆነውን የፕላቲነም ዕውቅና አገኘ።

የአድናቂዎች ክርክር

ከአድናቂዎቹ አንዳንዶቹ የባንዱ መለያ የሮጀርስ ድምፅ ስለሆነ አዲሶቹ አልበሞች በሌላ ስም መውጣት ነበረባቸው ይላሉ። ሌሎች ግን ሁለት መሥራቾች እስካሉ ድረስ ስሙ የእነሱ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ የ«ሆሊ ዋተር»ንም ስኬት በማስረጃነት ይጠቅሳሉ። ሆኖም የዚህን አልበም አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሱት ሃውና ፕሮዲውሰሩ ቴሪ ቶማስ ስለሆኑ፣ ሽያጩ ብቻውን ክርክሩን አይቋጭም።

ሃው በ1994 ባንዱን ለቀቀ፤ ሮጀርስም በ1998 ተመለሰ። ባድ ካምፓኒ በ2025 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ የተመዘገቡት አራቱ መሥራቾች ብቻ ናቸው።