ጫት አምራቹ ገበሬና የልማት ሠራተኛው

በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ማሳ ሲጎበኝ ስለ ማሽላው፣ ስለ በቆሎውና ስለ ቦሎቄው ምክር ይሰጣል። በእነዚሁ ሰብሎች መካከል በረድፍ የቆመውን ጫት ግን ብዙ ጊዜ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። የገበሬው ጥሬ ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከዚሁ ተክል ነው። ስለዚህ ገበሬው ስለ ሰብሉ ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል።

ስለ ሕግ

በአገራችን ጫት ማምረትና መሸጥ በአገር አቀፍ ሕግ አልተከለከለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣ አዋጅም ኤክሳይስ ታክስ ተጥሎበታል። በውጭ ግን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝም በ2014 ከልክለውታል። ጅቡቲ ደግሞ ቅጠሉን በየዕለቱ ትገዛለች። ስለዚህ አወዳይ ገበያ ላይ በሕግ የተሸጠ ዙርባ ለንደን ሲደርስ ወንጀል ይሆናል። ገበሬው ይህን ሲሰማ ቅጠሉ አንድ ሆኖ ሳለ የተለያየው የአገሩ ሕግ ነው ብሎ ያስባል። እርሱ የሚያውቀው ሕግ የመሬት ግብር መክፈልን፣ በኬላ ቀረጥ መክፈልንና የጎረቤትን ድንበር አለመግፋትን ነው።

ስለ ኅሊና

ራሱ የማይቅም፣ ልጁንም ከመቃም የሚከለክል አምራች ብዙ ነው። የሃይማኖት አባቶች ተግሣጽም ይሰማዋል። ሆኖም የቡና ዋጋ በወደቀባቸው ዓመታት ቤቱን ያቆመለት ጫት መሆኑን አይረሳም። ቡናም ቢሆን በቀድሞው ዘመን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ የተነወረ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አሉ። በላብ የተገኘ ገንዘብ ነውር የለበትም የሚለው እምነት በገበሬው ዘንድ የጸና ነው።

ስለ ዜግነት

የገበሬው ቅሬታ ግብሩን የሚቀበል ብዙ ሆኖ ምክር የሚሰጠው ባለመኖሩ ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። ባለሙያ ስለሚርቀው በቅጠል መጣጭ ነፍሳት ላይ በግምት መድኃኒት ይረጫል። ለወባ መከላከያ የታሰበው ዲዲቲ ሳይቀር በጫት ላይ መረጨቱ ታውቋል። ጫት የሚቃመው እንደ ተቀጠፈ፣ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ስለዚህ ትናንት የተረጨ ቅጠል ነገ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ገበሬው በላቡ የሚኮራውን ያህል በዚህ ጉዳይ ኅሊናው ሊወቅሰው ይገባል፤ እኛም ከወቀሳው አናመልጥም።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

1ኛ/ ማሳውን መጎብኘት ተክሉን ማስፋፋት አይደለም። ገበሬውን ሳትነቅፉ ስለ ተባይና ስለ ውሃ ተወያዩ።

2ኛ/ ዲዲቲ በፍጹም አይረጭ። በመያዣው መግለጫ ላይ ሰብሉ ያልተጠቀሰ መድኃኒትም ጫት ላይ አይረጭ።

3ኛ/ የተረጨ ማሳ የመቆያው ቀን ሳይሞላ አይቀጠፍ። ማኅበሩ የተረጨበትን ቀን ይመዝግብ፤ ቀኑን ያልጠበቀውን ምርት ለገበያ አያቅርብ።

4ኛ/ የመስኖ ውሃ በተራ ይከፋፈል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ አንዱ ምክንያት ለጫትና ለአትክልት የተሳበው ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ አሁንም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

5ኛ/ የጫት ዋጋ በአንድ ቀን ሊወድቅ፣ የውጭ ገበያም ሊዘጋ ስለሚችል ማሽላው ከማሳው እንዳይጠፋ ምከሩ።