አንድ ምሰሶ፣ ብዙ አንቴና፦ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች?

በአማተር ሬዲዮ ከጎረቤት ከተማም ከባሕር ማዶም ጋር መነጋገር ለሚሻ ሰው አንድ አንቴና አይበቃም። ለእያንዳንዱ የየራሱን ምሰሶ ማቆም ደግሞ ቦታም ገንዘብም ይጠይቃል። ደግነቱ በደንብ የተወጠረ አንድ ምሰሶ ሦስት አራት አንቴና ይሸከማል። ዋናው ጥያቄ ከፍታው ይበልጥ የሚያስፈልገው የትኛው ነው የሚለው ነው።

የአንቴናው መጠን የሚወሰነው በሞገዱ ርዝመት ነው። ዳይፖል የሚባለው ቀላሉ የሽቦ አንቴና የሞገዱን ግማሽ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በ7 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ40 ሜትር ባንድ፣ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል፤ በ14 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር፣ በ145 ሜጋኸርዝ ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

የምሰሶው ጫፍ የአጫጭሮቹ ሞገዶች ነው። የ2 ሜትርና የ70 ሴንቲሜትር ባንዶች በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዙ ቤት፣ ዛፍና ኮረብታ ይጋርዷቸዋል። አንቴናቸውም ቀላል ስለሆነ ጫፍ ላይ ቢወጣ ምሰሶውን አያስጨንቅም። ከ14 እስከ 28 ሜጋኸርዝ የሚሠራው፣ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩረው ከባድ ያጊ አንቴና ግን ከሥራቸው፣ ምሰሶው ጠበቅ ብሎ ወደተያዘበት ይጠጋ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና።

የ40 ሜትር ባንዱ ዳይፖል ከሁሉም በታች መካከሉ ምሰሶው ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ መሬት አዘቅዝቀው ይዘረጋሉ። ዝቅ ማለቱ ለቅርብ ግንኙነት እንዲያውም ይጠቅመዋል። 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሰቀል አብዛኛውን ኃይሉን ሽቅብ ይልካል፤ አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ሲመች መልሶ ያወርደዋል። እንዲህ ያለው ሞገድ ተራራ ስለማያግደው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርን ወይም ጅማን ለማግኘት ያገለግላል።

ጎረቤታሞቹ አንቴናዎች ግን እርስ በርስ ይነካካሉ። የ7 ሜጋኸርዝ ሦስት እጥፍ 21 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ የ40 ሜትር ባንዱ ዳይፖል በ21 ሜጋኸርዝም ኃይል ይስባል፤ ያጊው አጠገብ ከሆነ አቅጣጫውን ሊያዛባበት ይችላል። የ2 ሜትር ባንዱ 145 ሜጋኸርዝ ሦስት እጥፍም በ70 ሴንቲሜትር ባንድ ያለው 435 ነው፤ በአንዱ ባንድ ሲያስተላልፉ በሌላው መስማት ለሚፈልጉ የባንድ ፊልተር ያስፈልጋል። ቆመው የሚሠሩ አንቴናዎችም ከብረት ምሰሶ ጎን ሲታሰሩ ስርጭታቸው ስለሚዛባ ከጫፉ በላይ ቢወጡ ይመረጣል።

ለኬብልም አይቆጠብ። ቀጭኑ አርጂ-58 በ7 ሜጋኸርዝ ብዙም አያባክንም፤ በ435 ሜጋኸርዝ ግን 20 ሜትር ከሄደ ከግማሽ በላይ ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል። ወፍራሙ ኬብል ለጫፉ አንቴና ይሁን።

ከሁሉም በፊት ደኅንነት ይቀድማል። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ከነአንቴናዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ርቀት ይቁም፤ ለመብረቅም በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ።

አንቴናዎቹን ሁሉ በአንድ ቀን አይስቀሉ። አንዱን ይስቀሉ፣ ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል በሚያሳየው የኤስ ደብሊው አር መለኪያ ይለኩ፣ ውጤቱን ይመዝግቡ፤ ቀጣዩን ሲጨምሩ የቀድሞውንም እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ሁለቱ ተቀራርበዋል ማለት ነውና ያራርቋቸው።