መነጽር ለመጣል ከማሰባችሁ በፊት

ውድ እህቶቻችን፣ የመነጽራችሁ ቁጥር ከማይነስ 6 በላይ ከሆነ ሐኪም ከሚጠቅሳቸው የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ሦስቱን እናወዳድርላችሁ።

ላሲክ፦ ከዓይን የፊት ገጽ (ከኮርኒያ) ላይ ስስ ሽፋን ተገልጦ ከሥሩ ያለው በሌዘር ይስተካከላል፤ ሽፋኑም ይመለሳል። ሕመሙ ጥቂት ነው፤ እይታም ቶሎ ይመለሳል። ነገር ግን ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚነሣው ስለሚበዛ ኮርኒያዋ ስስ ለሆነ አይመከርም።

ፒአርኬ፦ ሽፋን ሳይገለጥ የላይኛው ስስ ቆዳ ብቻ ተጠርጎ በሌዘር ይሠራል። ለቀናት ያማል፤ እይታው እስኪጠራም ሳምንታት ይፈጃል።

አይሲኤል፦ በተፈጥሮው ሌንስ ፊት ተጨማሪ ሌንስ ይገባል። ለሌዘር የማይመች ከፍተኛ ቁጥርንም ያርማል፤ ካስፈለገም ይወጣል። ሆኖም የዓይን ግፊት ወይም ሞራ ሊያስከትል ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የኮርኒያችሁን ውፍረት አስለኩ። ከአቧራና ከበረኪና የምትርቁበትን የእረፍት ቀናትም ከማዳም ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ቀዶ ሕክምናው መነጽር ያስቀራል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥርም። የሬቲና መላቀቅ አደጋ እንዳለ ይቆያል። ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካያችሁ፣ የእረፍት ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።